ረቡዕ ከሰዓትን ባዶ የተዉልን አባታችን

አባታችን በጥር ወር 1945 ዓ.ም. ከቀጠሯቸው ዝንፍ ከማይሉ ሰዓት አዳሽ አባታቸውና ደንበኛን ሁሉ «ነገ ብቅ በይ» እያሉ ከሚሸኙ ልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ከሁለቱም መውረሳቸውን ለማወቅ ግን ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው በ1963 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ለኅትመት የሚደረድር ፊደል ለቃሚ ሆኑ። ከሰባት ዓመት በኋላ የሥራ ድልድሉን እንዲመሩ ሲሾሙ ወደ አባታቸው አደሉ፤ የሳምንቱን ሥራ ትልቅ ሰሌዳ ላይ በሩብ ሰዓት እየሸነሸኑ መርፌ እንኳ የማያስገባ አደረጉት።

በ1971 ዓ.ም. እናታችንን ሲያገቡ፣ ለሰው ፊት እንዳያዳሉ ብለው የራሳቸውን የሠርግ ጥሪ ከደንበኞች ሥራ ኋላ አሰለፉት። በዚያው ሳምንት አንድ ማሽን ተሰበረ፤ የሰሌዳው ሥራ ሁሉ ተራ በተራ ተገፋ። ጥሪው የወጣው ሠርጉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። እናታችን ከካርዶቹ አንዱን ኮመዲኖ ላይ አቁመው ዕድሜ ልካቸውን «ሠርጋችን ላይ እንዳይቀሩ» እያሉ ሲያሾፉባቸው ኖረዋል።

አባታችን ተናደው ሰሌዳውን አወረዱት። ይህም ሌላ ጥፋት ሆነ፤ በወሩ አንዱን መጽሐፍ ሁለት ሰው ሲለቅመው፣ ወረቀት ያዘዘ ግን አልነበረም። ሰሌዳውን መልሰው ሰቀሉ፣ ረቡዕ ከሰዓትን ግን ባዶ ተዉት። የሚሰበር ማሽን፣ ልጁ የሚታመምበት ሠራተኛ፣ ድንገት የሚመጣ ሥራ መግቢያ እንዳያጣ ነው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ቦታውን እንሙላው ቢሏቸው፣ የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን ጽፈው እዚያው ባዶው ላይ ለጠፉት። ባለቤቱ አንብበው ሳቁ፤ ረቡዕም ተከበረች። አባታችንም «ጋሽ ረቡዕ» ተብለው ቀሩ።

በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ለልጅ ልጆቻቸውም የጥናት ሰሌዳ አወጡላቸው፤ ልጆቹ የወደዱት ረቡዕን ብቻ ነው።

በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል፤ ቤቱ ጭር ብሎብናል።

ይህ በእጃችሁ ያለው ወረቀት የታተመው በዚያው ማተሚያ ቤት ትናንት ረቡዕ ከሰዓት ነው። የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ማሽኑን ከበው ቆመው ነበር፤ የአንድም ደንበኛ ሥራ አልተገፋም። እናታችን የመጀመሪያዋን ቅጂ ተቀብለው «ይሄኛውስ በሰዓቱ ደረሰ፤ ምነው እሱም በዘገየ» አሉ።

እርሳቸው ለማንም ቦታ እንዳልነፈጉ፣ ፈጣሪም ከደጋጎቹ መካከል ቦታ አይንፈጋቸው።