የእንጉዳይ ስንዝር

ለእንጉዳይ፣ ለትዳሬ፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንቺ ባለሽበት ክረምትም በጋም የለም ይሉናል። የሚሰነብተው እኔ ነኝ። ከተለየሽኝ ስምንት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ። ወሩን የምቆጥረው በሚካኤል ነው፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

ከቤት ልጀምር። በክረምቱ የጓሮው ካብ ተንዶ ነበር፣ መልሼ ካብሁት። ፍየሏ መንታ ወልዳለች። ድመትሽ ዓሣ ይዤ አልገባ ስላት አኩርፋ ጎረቤት ከርማ፣ አሁን ተመልሳለች። ልጃችን እቴነሽ ከሰቆጣ መጥታ «አባባ፣ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? ቤቱን ቆልፈን እንሂድ» እያለች ሳምንት ሙሉ ለመነችኝ። የልብስሽን ሣጥን ሳይቀር በገመድ አስራው ነበር። ፈታሁት። ስታለቅስ አብሬያት አለቀስሁ፣ ግን አልሄድሁም። ከዚህ ውኃ ዳር የሚያነሣኝ አንቺን የጠራ ጌታ ብቻ ነው።

ሰውም አልተወኝም። የሙት ዓመትሽ ሳይደርስ መንጠቆ ይዤ ስወርድ ያዩኝ፣ እንድሰማ አድርገው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ። ይበሉ። ሐዘን ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው ያለው ማን ነው? ለነፍስ አባታችን ብነግራቸው «ጸሎትህን አታጓድል እንጂ ውኃውን ማን ከለከለህ» አሉኝ። እኔም ወረድሁ።

ተከዜ ተገድቦ ውኃው ሽቅብ ሲመጣ የታችኛውን ማሳችንን እንደዋጠው አስታውሳለሁ። እኔ ዳር ቆሜ ሳለቅስ አንቺ መንጠቆ ገዝተሽ መጣሽ። «ማሳው የት ሄደ? እዚያው ነው ያለው። ማሽላውን ከከለከለን ዓሣ ይስጠና!» አልሽ። ጀልባ ላይ ተቀምጠሽ እርከናችን በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የሾላው ጉቶ የት እንደቀረ በጣትሽ ታሳዪኝ ነበር። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እዚያ እርከን ሥር ነው የሚውለው። አንቺ በሚካኤል ቀን ከማሳሽ ላይ ስታጭጂ ሌላው ሁሉ ባዶ ውኃ ይደበድብ ነበር።

የዓሣ ማጥመድ ውድድራችንን በወር በወሩ በሚካኤል ያደረግነው ሞፈር ስለማይነሣበት ነው። ቄሱም ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ፈቀዱልን፤ «ከሸጣችሁት ሥራ ነው፣ ከሰጣችሁት ጨዋታ ነው» ብለው። ስለዚህ የተያዘው ሁሉ ለአቅመ ደካማ ይሄዳል፣ ላሸናፊው የሚቀርለት ስሙ ብቻ ነው። ለዚያች ስም ግን ሽማግሌው ሁሉ እንዴት እንደሚጣላ!

ደንቡን ስናወጣ «ከስንዝር ያነሰ ዓሣ ወደ ውኃው ይመለስ፣ አይቆጠር» አልን። የማን ስንዝር እንደሆነ ግን አላልንም። በመጀመሪያው ቀን እጀ ትንሹ ጫጩቱን ሁሉ ሲቆጥር፣ እጀ ትልቁ ሲከለክል በመቅዘፊያ ልንፈናከት ነበር። ያኔ ሊቀመንበራችን አያ ፈንታ «እንጉዳይ ለማንም አታደላም፣ በእሷ ስንዝር ይሁን» ብሎ ገላገለን። ሴት ናት፣ እጇ ትንሽ ነው ብሎ እንደሆነ አልጠፋኝም። እጅሽን ዓሣው ላይ ስትዘረጊ ከሁላችንም በለጠ! አያ ፈንታ «ይኼማ ክንድ እንጂ ስንዝር አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ሰው በሣቅ ፈረሰ። ግን ተብሏልና ደንብ ሆኖ ቀረ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። በኅዳር ሚካኤል የመጨረሻው ዓሣዬ የጥፍር ያህል ሲጎድልብኝ በዓይኔ ጠቅሼሽ ነበር፣ ጣትሽን ትንሽ አጠፍ እንድታደርጊልኝ። አየሽኝ። ጣትሽን ይበልጥ ዘረጋሽው። መንገድ ላይ «ለባሌ የሚያጥር እጅ ከሆነማ ቁረጠው» አልሽኝ። አቀበቱን ሙሉ አላናገርሁሽም፤ ሦስት ቀን አኮረፍሁ። አራተኛው ቀን ላይ የታረቅሁትም ርቦኝ ነው። በሕይወት ሳለሽ ይቅርታ አልጠየቅሁሽም፣ ዛሬ እጠይቅሻለሁ። ሰዎቹ ዘንዶ ያሉት ይኼን ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ ከሆዴ ወጥቷል።

መውረድ ያቃተሽ ጊዜ መቅዘፊያውን አልጋሽ ድረስ አስመጣሽ። እጅሽን እንጨቱ ላይ ዘርግተሽ «ከዚህ እስከዚህ ቅረጸው። እጄን ይዘህ ሂድ» አልሽኝ። ጣቶችሽ ይንቀጠቀጡ ነበር፣ እስኪረጉ ጠብቄ በቢላዋ ሁለት ቦታ ቀረጽሁት።

ይኸውልሽ፣ ባለፈው ሚካኤል ከሞትሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውድድሩ ወረድሁ፤ ገና መንጠቆ ሳንጥል አያ ፈንታ ተነሥቶ «ከእንግዲህ በእኔ ስንዝር ይሁን» አለ። የእሱን እጅ ታውቂዋለሽ፣ የልጅ እጅ ነው። ብዙ ዓሣ ስለሚያስቆጥር ሁሉም ደስ አለው። እኔ መቅዘፊያውን አንሥቼ «እጇ እዚህ አለ» አልሁ።

«ነፍሷን ይማር፤ ግን የሞተ ሰው እጅ አይለካም፣ አያ ሞላ» አለኝ አያ ፈንታ።

ከኋላ ደግሞ የቀበሌው ወፍጮ ጠባቂ፣ ያ ምላሰኛው፣ «እሱንስ እንደሚመቸው አድርጎ እንዳልቀረጸው ማን አየለት?» አለ። ደሜ ፈላ። ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ በስመ አብ ብዬ ዋጥሁት። በመጨረሻ አያ ፈንታ «ለዛሬ በእንጨቱ እንለካ፣ ሲያበቃ እንወስናለን» አለ።

ብቻዬን ቀዘፍሁ። ጀልባዋ እንዳታዘነብል በአንቺ ቦታ ድንጋይ አስቀምጫለሁ። ከባድ ነሽ እያልሁ ስቀልድብሽ የነበረውን አስታወስሁ፤ ድንጋዩ ቀለለኝ። በቀጥታ ወደ እርከናችን ሄድሁ። እስከ ቀትር አያ ፈንታም አራት ያዘ፣ እኔም አራት። ልንወጣ ስንል ከሾላው ጉቶ ሥር አምስተኛውን ሳብሁ። በባልዲ ውኃ አድርጌ ዳር ድረስ በሕይወቱ አመጣሁት።

በሁሉም ፊት እንጨቱ ላይ አጋደምሁት። አፉን አንዱ ቅርጽ ላይ አደረግሁ። ጭራው ሁለተኛው ጋ ለመድረስ የጥፍር ውፍረት ጎደለው። ያንኑ ያህል፣ እንጉዳይ! እንደ ኅዳሩ።

አያ ፈንታ ጎንበስ ብሎ አየና «ደርሷል በለው፣ ተወው። ሐዘንተኛ ነህ፣ ይለፍልህ» አለኝ። ከልቡ ነበር፣ ክፋት አልነበረውም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ከጅሏል። የአንቺን ስም ይዤ ባሸንፍ ምን ነበረበት? ደግሞም አሰብሁት። ይህችን የጥፍር ያህል ካሳለፍሁ እጅሽን የቀበርሁት እኔው ነኝ። መቃብሩ አይደለም።

«እኔ ስላዘንሁ እጇ አያጥርም» አልሁት።

እስከ ጉልበቴ ገባሁና ዓሣውን ለቀቅሁት። ወደ ማሳችን ነው የሄደው።

አራት ለአራት እኩል ሲሆን ትልቁን ዓሣ የያዘ ነውና፣ አያ ፈንታ በደንቡ አሸነፈ። እኔም ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርሁ። ያ ወፍጮ ጠባቂ መጣና የራሱን መቅዘፊያ አቀበለኝ፤ ዓይኔን ማየት አፍሮ «ቅረጽልኝ» አለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ቢላዋዬ እስኪደንዝ ከአንቺ መቅዘፊያ ላይ እየለካሁ ቀረጽሁላቸው። በመጨረሻ አያ ፈንታ የራሱን ይዞ ቀረበና «በል እንግዲህ፣ ለእኔም ክንዷን ስጠኝ» አለኝ። ሣቅን። ከተቀበርሽ ወዲህ ድምፅ አውጥቼ ስሥቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ሞት አንቺን ወሰደ፣ አላለቅስም አልልሽም። እጅሽን ግን አልወሰደም፤ በዚህ ውኃ ላይ በሚንሳፈፈው ጀልባ ሁሉ አለ። እኔ በሕይወት እስካለሁ በሚካኤል ቀን ስምሽን በቅዳሴ አስጠራለሁ፣ ከዚያ ወደ ማሳችን እወርዳለሁ። እቴነሽ ትናደድ፣ ጎረቤትም ይተርት።

ከመውረዴ በፊት ሁልጊዜ እጄን እንጨቱ ላይ አሳርፋለሁ። አውራ ጣቴን በአንቺ አውራ ጣት ቦታ አድርጌ እዘረጋለሁ። ትንሿ ጣቴ ዛሬም አልደረሰችም። አልደርስም፣ አውቃለሁ። ግን አላሳጥረውም።

ባለቤትሽ ሞላ