የአባዬ የዱባ ብስኩት

ጥቅምት 3፣ ረቡዕ ማታ

እማዬ ዛሬም ሁለት ጉርሻ ብቻ። በቃኝ፣ አልሃምዱሊላህ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንዲሁ ናት። ከማስተምርበት ት/ቤት ፈቃድ ወስጄ ከአ.አ. ወደ ከሚሴ የመጣሁት ላበረታታት ነበር። ዒዳዋን፣ የባሏን ሐዘን ጊዜ፣ ስትጨርስ ይዣት ልሄድ አስቤአለሁ። አልነገርኳትም። ፈራሁ።

ጎረቤታችን እትዬ አንሻ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ትልቅ ዱባ አምጥታልናለች። ሳየው አባዬ ትዝ አለኝ። ክረምቱ ወጥቶ ዱባ ሲደርስ አባዬ የሚጋግረው ብስኩት! ግቢያችን ውስጥ ባለችው ዳቦ ቤቱ፣ የቀኑ ዳቦ ወጥቶ ፉርኖው በረድ ሲል። ለስላሳ፣ ላዩ ላይ ስኳር የፈሰሰበት። ለሽያጭ አይደለም። ለእማዬ ነበር። የተረፈው ለእኔ።

ነገ እሞክራለሁ።

ጥቅምት 4፣ ከሰዓት

አልሆነም፣ ማስታወሻዬ። ፉርኖውን ሸረሪት አድርቶበታል። ጠረግኩ፣ እንጨት ማገድኩ። ዱባውን ቀቅዬ አደቀቅኩት። ቅቤ፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ ዱቄት። ላሜራው ላይ ሳደርገው ተንጣለለ። ጠርዙ አረረ፣ መሃሉ ሊጥ። ዱቄት ማቡኪያው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። የአባዬ እጅ የነካው እንጨት።

እማዬ ሽታው ደርሷት ኖሯል። ምን እያሳረርሽ ነው አለችኝ። ነገርኳት። ወደ ግድግዳው ዞረች። ተኛች ብዬ ልወጣ ስል፦

«ቡቄውን ቀቀልሽው እንዴ? እሱ እኮ ፉርኖ ውስጥ ነበር የሚጠብሰው። ውሃው ካልደረቀ ሊጡ መች ይይዝልሻል።»

ቡቄ! ዱባ ማለቷ ነው። ከአባዬ ጋር እንዲህ ነበር የሚያወሩት፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ። ከቀብሩ ወዲህ ስትቀላቅል ስሰማት የመጀመሪያዬ።

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

መጣች! ነጠላዋን ተከናንባ፣ ግድግዳ ይዛ፣ ዳቦ ቤቱ ድረስ። ዱባውን እኔ ጠበስኩ፤ እሷ ሊጡን በጣቷ ነካ አድርጋ ዱቄት ጨምሪ አለች። ስኳሩን ሙቀጫ ውስጥ ራሷ ወቀጠች። ትንሽ ወተት፣ ጥቂት የሎሚ ጠብታ። ብስኩቱ ገና ሞቅ እንዳለ አፈሰሰችበት።

ስትሠራ አወራች። አባዬ ያኔ ተቀጣሪ ጋጋሪ ነበር። ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ከዳቦው ሥር አንዲት ብስኩት ይደብቅላታል። እናቷ አንድ ቀን አገኘችባት። «ይሄ ዳቦ ወለደ እንዴ?» አለች አሉ። እማዬ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ።

አንድ በላች። ደገመች።

ደስ ብሎኝ ከአፌ አመለጠኝ፤ አ.አ. አብረን እንሂድ አልኳት። አልተቆጣችም።

«ልጄ፣ እዚያ ወስደሽ ከማን ጋር ታስቀምጪኛለሽ? አንቺ ሥራ፣ እኔ መስኮት ስር። እዚህ በሬን የሚያንኳኳ አለኝ። አባትሽም እዚሁ ነው፤ አላህ ይዘንለት። አልሄድም።»

ቀሪውን በሳህን አድርጋ ለእትዬ አንሻ አድርሺ አለችኝ።

ጥቅምት 7፣ እሑድ ጠዋት

ሳስብ አደርኩ። እውነቷን ነው። የአ.አ. ክፍሌ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ። ማን ይጠብቀኛል? ማንም። እዚህ ግን እጄ ላይ የዱባ ሽታ አለ፤ ብታጠብም አልለቀቀኝም። እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ነገ ዝውውር እጠይቃለሁ። ወደ ከሚሴ። ከሚሴ ካልተገኘ ሰንበቴም ይሁን፣ ቅርብ ነው። ትምህርት ቢሮው እንቢ ካለኝ ደግሞ

ጭስ ሸተተኝ። ፉርኖውን እኔ አላነደድኩም። እማዬ ነች። እየጠራችኝ ነው፣ ልሂድ