በጆሮ የሚታወቅ ቤተሰብ

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ነፋስ ሊዞር ሲል ቀድሞ የሚነግርሽ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አሁንም የሬዲዮውን ትንበያ እያሳፈረው ነው? አባዬስ ደህና ነው? ውሻችን ኮሉርስ የፖስተኛውን ሱሪ መቅደዱን ተወ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ደከመኝ ብልሽም እግሬን ነው፤ አፌን ታውቂዋለሽ።

ስልክ ያልደወልኩት ረስቼሽ አይደለም። የሸለቆው ስልክ አንድ መስመር ነው፤ ለእኛ ሲጠራ ጎረቤታችን ጉንቮር ልታዳምጥ ከማዶ ቀድማሽ ታነሳለች። ባለፈው ስለ በጎች ክትባት ስናወራ ትንፋሿ ሲሰማኝ «ጉንቮር፣ ድስትሽ አረረ!» ብላት «ውይ!» ብላ ዘጋችው አይደል? የአሁኑን ወሬ ግን ቤቷ ቢቃጠልም አትዘጋውም። ስለዚህ ጻፍኩ። በፊደሌ አትሳቂ፤ ትምህርት ቤቱን የተውኩት ፊደሉን ጨርሼ ሳይሆን ፊደሉ እኔን ስለጨረሰኝ ነው።

አስቀድሜ ሆድሽን ላሳርፈው፦ እህቴን አልፍዲስን አግኝቻታለሁ። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ትማታለች። በይ አሁን ተቀመጪና የቀረውን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

አውቶቡሱ ሬይኪያቪክ እንዳወረደኝ በቀጥታ ተከራይታ ወደነበረው ቤት ሄድኩ። ባለቤቲቱ በሩን ለአፍንጫዋ ያህል ብቻ ከፍታ «ፋሲካ ሰሞን ለቃለች፤ የት እንደሄደች አልነገረችኝም» አለችኝና ዘጋችው። እማዬ፣ ያኔ ሳቄ ጠፋ። ከፋሲካ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈችልንም፤ አሁን ደግሞ ቤቷም የለ። ባዶ እጄን ተመልሼ ፊትሽን እንዴት ላየው ነው?

ወደብ ሄጄ ጠየቅኩ፤ የዓሣ ፋብሪካው በር ላይ ጠየቅኩ፤ ቋሊማ የሚሸጠውን ሰው እንኳ ሳይቀር ጠየቅኩ። ኩሬው ዳር ቁጭ ብዬ የጋገርሽልኝን ጥቁር ዳቦ ለዳክዬዎቹ ብወረውር አሽትተው ተዉት። ከተሜ ዳክዬ! ውሻ ማሳደግ በተከለከለበት ከተማ የሚያስደነግጣቸው የለ፣ ጠግበዋል። በመጨረሻ ኮረብታው ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ወጣሁና የተቀባውን ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ እያየሁ «አልፍዲስ!» ብዬ ጮህኩ። በአሳንሰሩ ሰው የምታወጣዋ ሴትዮ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ልጄ፣ ከዚህ ሲጠሩት የሚሰማው እግዚአብሔር ብቻ ነው» አለችኝ። እንግዲያው እሱ ሳይሰማኝ አልቀረም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ቴሌቪዥን ስለማይተላለፍ ከተማው ሁሉ መዋኛው ውስጥ ተኮልኩሏል። እኔም የመንገዱን አቧራ ላራግፍ ገባሁ። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ራቁቴን በሳሙና መፈተጉ ሰልችቶኝ ጸጉሬን ብቻ አርሼ ሹልክ ልል ስል፣ ጠባቂው ከኋላ «አንተ! ብብትህ ከየት አገር ነው የመጣው? ሽታው ከሰሜን ነው!» ብሎ ሰው ሁሉ እያየ መለሰኝ። አንቺ እንኳ ለገና እንደዚያ አጥበሽኝ አታውቂም።

ትኩሱ ገንዳ ውስጥ ሽማግሌዎች እስከ አንገታቸው ተነክረው መንግሥት ያወርዳሉ፣ መንግሥት ያወጣሉ። ገና እግሬን ሳስገባ ሃልብዮርን የሚባል መላጣ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ።

«የእናቴ» አልኩት።

«እሱንማ ማን ይጠራጠራል፤ አባትህን ነው የጠየቅኩህ» አለና ሁሉም ውኃውን እስኪያናውጡት ሳቁ። እኔም ልሸነፍ ነው? የደቡቡ ጳጳስ ልጅ ነኝ አልኩ። «ጳጳሱ ልጅ አልነበረውም፤ ይህን ጆሮ ቢወልድ ኖሮ ደግሞ ቆቡ ባላረፈለት» አለኝ። ከዚያ አገጬን ይዞ ፊቴን ወዲህና ወዲያ እያዞረ አየና «የሰሜን ጆሮ ነው። ቆይ! ወደቡ አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት ያለችው ልጅም እንዲሁ ናት፤ ጆሮዋ የተከፈተ መስኮት ይመስላል። ታውቃታለህ?» አለኝ።

እማዬ፣ ስንት ዘመን የተሰደብኩበት ጆሮ! ሽማግሌውን መላጣው ላይ ስሜው ወጣሁ። ጸጉሬን እንኳ አላደረቅኩም።

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሕፃን ጋሪ ቆሟል። እዚህ አገር ጋሪ በካፊያና በነፋስ ደጅ መቆሙ ለአንቺ አይደንቅሽም፤ እኔንም ደጅ እያስተኛሽ ነው ለዚህ ያበቃሽኝ። እኔ ግን ሥራ ፈት ነኝና ምላሴን አውጥቼ፣ ዓይኔን አጨንቁሬ ወደ ጋሪው ውስጥ ጎንበስ አልኩ።

በጋሪው ውስጥ ያየሁትን አልጽፍልሽም። ምያለሁ።

እንዳጎነበስኩ በሩ ብርግድ አለና «አንተ ውሪ፣ እጅህን ከጋሪው ላይ አንሳ!» የሚል ጩኸት መጣ፤ ከጩኸቱ ጋር ረዥም ዳቦ ጆሮ ግንዴ ላይ አረፈ። ቀና ስል አልፍዲስ ናት፣ እስከ ክርኗ ዱቄት። ስትለየኝ በዚያው ዳቦ ደግማ መታችኝ፤ ከዚያ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ዱቄት ዓይኔ ውስጥ ገባ እንጂ።

ጓዳ አስገብታ አበላችኝ፤ ከዚያም አስማለችኝ። «ለእማዬም ለአባዬም ትንፍሽ ብትል ምላስህን ነው የምጠብሰው! የሚያዩትን ራሴ ይዤ እመጣለሁ» አለች። መቼ ነው የምትመጪው ብላት ግን ክርኗ ላይ ያለውን ዱቄት ማራገፍ ጀመረች። «አባዬ ‹ከተማው አኝኮ ሲተፋሽ ትመለሻለሽ› ብሎኛል። አሁን ብመጣ ‹አላልኩሽም?› ነው የሚለኝ። አልተተፋሁም እኮ! ሥራ አለኝ፣ ማታ እማራለሁ፤ ስቴይንታርም ባሕር ላይ ቢሆን በየወደቡ ይደውላል» አለችኝ። ስቴይንታር የሚባለው ዓሣ አጥማጅ ጓደኛዋ ነው። ፎቶውን አየሁት፤ ጥሩ ሰው ይመስላል። ጆሮው ትንሽ ናት። ምስኪን፣ ተሸንፏል።

ያኔ ነው አባዬ ቦርሳዬ ውስጥ የሸጎጠው ጥቅል ትዝ ያለኝ። አንቺ አላየሽም፤ በረት ውስጥ ነው የሰጠኝ። በጭስ የደረቀ የበግ ጭን ነበር። «ለራስህ ብላ። ከተረፈህ ለማንም ስጠው» አለኝ፣ እኔን ሳያይ፣ ግድግዳውን እያየ። ጠረጴዛው ላይ ስንፈታው ከሥጋው ጋር በክር የታሰረ ቁንጣሪ ሱፍ ወጣ፤ ከላይ ነጣ፣ ከታች ጠቆር ያለ። አልፍዲስ ገና ስታየው «ጎልሳ!» አለች። በልጅነቷ አባዬ የሰጣት በግ መሆኗን እኮ ዘንግቼው ነበር። «አልሸጣትም?» አለችኝ። «አልሸጣትም፣ ዘንድሮ መንታ ወልዳለች፤ አባዬ ግልገሎቹንም ጆሯቸው ላይ ያንቺን ምልክት ነው የቆረጠላቸው» አልኳት። ሱፉን ጉንጯ ላይ አሻሸችው። ከዚያ «በጎቹ ከተራራ የሚወርዱት መቼ ነው?» አለች።

ይኸው ነው እማዬ። በጎቹ ሲወርዱ እንመጣለን። ስንት ሆነን እንደሆነ አልነገርኩሽም።

እስከዚያው ጥቂት ሥራ ላስይዝሽ። ከሹራብ የተረፈ ለስላሳ ሱፍ ካለሽ ካልሲ ሥሪ፤ የእኔ አውራ ጣት ከገባበት ይበቃል። ለቄሱም በዚያ ሰሞን እሑድ ሌላ ሥራ እንዳይዝ ንገሪው፤ ለምን ካለሽ «ልጄ እብድ ነው» በይው፣ ያምንሻል። ጉንቮር ከጠየቀችሽ ደግሞ ስለ ዳክዬዎቹ ብቻ አጫውቺያት።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ በረትሽን ከበረዶ፣ ምድጃሽን ከመጥፋት ይጠብቅልሽ። ሁላችንንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘን።

አባዬን ግን አደራ። እሱ በግ ሲለይ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ አገላብጦ ጆሮውን ያይና የቤታችን ምልክት ካለበት ወደ ራሱ በረት ያስገባል። እኛም ከአውቶቡሱ ስንወርድ፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት መጀመሪያ ጆሮ ይመልከት በይው።

በሳሙና ታጥቦ የጸዳው፣
ውሪው ልጅሽ