ከኮሌታ ሌላ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 3

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነቃሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ፋብሪካው ከተዘጋ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ሰውነቴ ግን እስካሁን ወሬው አልደረሰውም። ፊቴን ታጥቤ፣ ቦርሳዬን አንስቼ፣ በሩ ጋ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ።

ቤት ጠረግኩ። የጠረግኩትን ደግሜ ጠረግኩ። ልጄ፣ "እማዬ፣ ወለሉ ምን አደረገሽ?" አለችኝ። ከዚያ ካለፈው ዓመት ደብተሯ ያልተጻፈበትን ግማሽ ሰጠችኝ። "ለመጥረጊያው የምትነግሪውን እዚህ ላይ ጻፊው።" ይኸው...

ከሰዓት ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ሄድኩ። የሰዉ ብዛት። አንድ የጽዳት ሥራ ነው የወጣው፣ እሱንም ዲግሪ ያላት ልጅ በስልኳ ፎቶ እያነሳች ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ከኋላዋ ቆሜ ምን እጠብቃለሁ?

ባለቤቴ ቤት ቀቢ ነው። በዚህ ኑሮ ማን ግድግዳ ያስቀባል? ከሳምንቱ አራቱን ቀን እቤት ነው። "ያልፋል" አለኝ። ማለፉንስ ያልፋል፤ በማን ላይ ነው የሚያልፈው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8

ካመለከትኩበት አንድ ቦታ ተጠራሁ። ለትምህርት ቤትና ለሆቴል ሸሚዝ የሚሰፋ ቤት ነው፣ ፎቅ ላይ፣ ስምንት የስፌት መኪና ያለው። የሥራው ባለቤት ወጣት ሴት ናት። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ጠረጴዛው ላይ የምትፈልግ ዓይነት።

"ሸሚዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰፋሉ?"

"አሥራ ሰባት ዓመት ሸሚዝ ፋብሪካ ነው የሠራሁት።"

"እሱንማ አየሁት። ብቻዎን፣ ሙሉውን፣ ይሰፋሉ ወይ?"

"እንዴታ።" አፌ ቀደመኝ።

ፈተናው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። የተቆረጠ ጨርቅ ይሰጣል፣ በአራት ሰዓት ውስጥ አንድ ሸሚዝ ሰፍቶ ማስረከብ። የሚፈለገው አንድ ሰው።

ደረጃውን እየወረድኩ የሸሚዙን ክፍሎች በጣቴ ቆጠርኩ። እኔ እኮ የሰፋሁት ኮሌታ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት፣ ኮሌታ ብቻ። ፋብሪካ እንደዛ ነው፤ አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኪስ። ሸሚዙ ሸሚዝ የሚሆነው ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ እዛ ደግሞ ደርሼ አላውቅም። ኮሌታ ዓይኔን ጨፍኜ እሰፋለሁ። እጅጌ እንዴት ነው የሚገባው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

አማቴ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪናዋን አዋሰችኝ። "አቧራ እንዳይነካው" አለች፣ ከላዩ የዓመት አቧራ እያራገፈች።

የባለቤቴን አሮጌ ሸሚዝ ፈታሁት። ሲፈታ እንዴት ይቀላል... ልጄ በስልኳ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። የምታስተምረው ሴትዮ ጥፍሯ የጣት እርዝመት አለው፣ እሱን ሳይ ትምህርቱ አመለጠኝ። መልሼ ሰፋሁት። ባለቤቴ ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ፣ ወዲያ ወዲህ ዞረ፣ ከዚያ፦

"ትከሻዬ ላይ ሌላ ሰው የተቀመጠ ይመስላል።"

ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ጓዳ ገብቼ ግን አለቀስኩ፣ ትንሽ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ምንም። ከአልጋ መነሳቱ ራሱ ሥራ ሆኗል፣ ደመወዝ የሌለው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

እጅጌ ጋ ሄድኩ። ፋብሪካ ውስጥ በስማችን አንጠራራም ነበር፣ በምንሰፋው ነው፤ እኔ ኮሌታ፣ እሷ እጅጌ። አሥራ ሁለት ዓመት ከኋላዬ ነው የተቀመጠችው። ፊቷን ሳላይ በሳሏ አውቃታለሁ። ባሏ ከሄደ ወዲህ ሁለቱን ልጆች ብቻዋን ነው የምታሳድገው።

ነገርኳት። እጅጌ አሳዪኝ፣ እንደዚህ ያለ ፈተና አለብኝ ብዬ። የያዘችውን ልብስ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

"ፎቅ ላይ ያለው? መነጽሯ ፀጉሯ ላይ?"

"አዎ።"

"እኔም እኮ ተመዝግቤያለሁ። ሙሉ እሰፋለሁ ብያታለሁ።"

"ኮሌታ ትችያለሽ?"

"አንቺ እጅጌ የምትችዪውን ያህል።"

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀና ተያየን። አንድ ቦታ ነው ያለው።

"አስተምሬሽ ብታልፊብኝስ?" አለች።

እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። "ልጆቹን ሳሚልኝ" ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ጠየቅኩ። ልጁ ፎርሙን ሳይሰጠኝ፣ "እትዬ፣ ከሠላሳ አምስት በታች ነው የምንፈልገው" አለኝ። ምን ልበለው? አንሶላው ዕድሜዬን ይጠይቀኛል?

ስልኬ ዝም ብሏል። ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ልጄን ደውዪልኝ አልኳት። ደወለች። ይሠራል።

እጅጌን ካላስተማርኳት በኮሌታው ትወድቃለች። ይቺ ሐሳብ ዛሬ ሳህን ሳጥብ መጣች። አላባረርኳትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 20

እጅጌ መጣች። በፌስታል ሸሚዝ ይዛ። እንደምን አደርሽ የለ፣ ምን የለ፤ ኮሌታውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። የታመመ ጆሮ ነው የሚመስለው።

"ሳቂ" አለችኝ።

"አልሳቅኩም።"

"በሆድሽ እየሳቅሽ ነው። በይ አሳዪኝና አሳይሻለሁ።"

"አንቺ ጀምሪ።"

"ሞኝሽን ፈልጊ።"

ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሆኖ፣ "ሁለታችሁም እኩል ጀምሩ፣ እኔ እቆጥራለሁ" አለ። በመጨረሻ እሷ ጀመረች። እጅጌ ከብብት አይጀመርም፣ ከትከሻ ነው። የእጅጌው ጨርቅ ከቀዳዳው ይበልጣል፤ የበለጠውን በጣት እየገፋሽ ጨርቁን ለሚስበው የመኪናው ጥርስ ታበዪዋለሽ እንጂ አትጎትቺውም። እጄን ይዛ አሳየችኝ። አራት ጊዜ። አልሰለቻትም።

እኔም አሳየኋት። ጫፉ ላይ አንድ ስፌት አግድም ጣል ማድረግ፣ ትርፉን መቁረጥ፣ ጫፉን በመቀስ ሳይሆን በክር ስቦ መገልበጥ። ሁሉንም...

ሁሉንም አይደለም። እዚህ ላይ እንኳ ልዋሽ? የታችኛው ጨርቅ ከላይኛው በሁለት ሚሊ ማነስ አለበት። እኩል ከሆኑ ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል። ቆራጮቹ ረስተው እኩል ሲልኩልኝ ራሴ ነበርኩ የምከረክመው። ይቺን አልነገርኳትም። ረስቼ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 26

አንድ ሙሉ ሸሚዝ ጨረስኩ። እጅጌው ቀጥ ብሎ ወረደ። ባለቤቴ ለብሶት ሱቅ ሄደ፣ ምንም ሳይገዛ ተመለሰ። ሊታይ ነው የሄደው።

ከሰዓት እጅጌ ደወለች። "ጫፉ ወደ ላይ እየተገለበጠ አስቸገረኝ። ምን ልሁን?"

"በካውያ ጫን አድርጊው" አልኳት።

"እሺ፣ ኑሪልኝ።"

ኑሪልኝ አለችኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 28

ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሳሁ፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። ለባለቤቴ ነገርኩት። "እሷስ ሁሉንም እንደነገረችሽ በምን ታውቂያለሽ?" አለኝ። የሰፋሁትን እጅጌ አየሁት። ሁሉንም ነግራኛለች። ልጄ ደግሞ ገና ተማሪ ናት፣ የሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ እያለ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 29

ተፈታኞቹ አራት ነበርን። እኔና እጅጌ ጎን ለጎን። እንደ ድሮው ከኋላዬ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ አላያትም ነበር።

ክር መርፌው ውስጥ ለማስገባት አምስት ጊዜ። ኪሱ እሺ። እጅጌዎቹ ገቡ፣ በትከሻ በኩል፣ እንዳስተማረችኝ። ሴትዮዋ ስልክ ተደውሎላት ወጣች። በዓይኔ ጥግ እጅጌን አየኋት፤ ሁለቱን የኮሌታ ጨርቆች አነባብራ ከመርፌው ሥር ልታስገባ ነው። እኩል ናቸው።

"የታችኛውን ከርክሚው" አልኩ። "ሁለት ሚሊ። ዙሪያውን።"

እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። አየችኝ።

"እያወቅሽ እስከ ዛሬ?"

"እስከ ዛሬ።"

መቀሱን አነሳች፣ ከረከመች፣ ሰፋች። ሸሚዟን ከኔ ቀድማ አስረከበች። ደረጃ ላይ ብጠራትም አልዞረችም።

ሐሙስ፣ ህዳር 1

ደወሉ። "ሥራዎ ጥሩ ነው፣ ግን ቦታው አንድ ነው።" ማንን ወሰዳችሁ ብዬ አልጠየቅኩም። ፋብሪካ አብራን የነበረችው ኪስ ሰፊ ማታ ነገረችኝ። እጅጌን ነው።

ደስ ብሎኛል።

የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። አብዛኛው እውነት ነው።

ማክሰኞ፣ ህዳር 6

እጅጌ አልደወለችም። እኔም ምን ብዬ ልደውል? ሥራው ቀረብኝ፣ እሷም ቀረችብኝ። ባለቤቴ፣ "ነግረሻት ከስረሽ፣ ደብቀሻት ከስረሽ፣ አንቺ ሴትዮ ለነጋዴነት አልተፈጠርሽም" አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር። ትንሽ ተሳካለት።

ዓርብ፣ ህዳር 9

ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ሄጄ አንብቤ ተመለስኩ። እዛ የቆምነው ሁላችንም ወረቀት ነው የያዝነው። የኔ ወረቀት ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ነው የሚለው። ሸሚዙን ይዤ ብወጣስ?

ሰኞ፣ ህዳር 12

የሰፋሁትን ሸሚዝ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ይዤ ወጣሁ። የልብስ ሰፊዎቹን ሠፈር ከዳር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሰው ሳያየው "ሥራ የለም" አለ። ሁለተኛዋ አየችውና እሷም የለም አለች፣ ግን በጨዋ ደንብ። ሦስተኛው ተዘግቷል፣ የሚከራይ ይላል። እዛ ጋ ልመለስ ነበር።

አራተኛው ሽማግሌ ናቸው። ፊት ለፊቱን አላዩትም፣ ወዲያው ገለበጡና ውስጡን አዩት። እጅጌው የገባበትን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"አንቺ ነሽ የሰፋሽው?"

"እኔ ነኝ፣ አባቴ።"

"ማን አስተማረሽ?"

"ኮሌታውን ፋብሪካ። እጅጌውን ጓደኛዬ።"

"እኔም ዘንድሮ ሥራ ቀዝቅዞብኛል፣ ቃል አልገባም። ሐሙስ ነይና አንድ ቀን ሥሪ፣ እንተያያለን።"

አንድ ቀን። ልጄ "አንድ ቀን ብቻ?" አለች። አዎ፣ አንድ ቀን።

አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። እጅጌ ናት። መጀመሪያ ሳሏን ነው የሰማሁት።

"ኮሌታ" አለች።

"አቤት።"

"ለምንድነው የደበቅሽኝ?"

"ሥራውን ፈልጌ።"

"እኔስ አልፈለግኩም?"

ይቅርታ አልኳት። እሺ አላለችም፣ ስልኩንም አልዘጋችም። ወገቧን እንደሚያማት፣ ሴትዮዋ ክር ስንት እንደሆነ ሳይቀር እንደምትቆጣጠር ነገረችኝ። እኔም ስለ ሽማግሌው ነገርኳት።

"ሐሙስ ነው ያልሽው?"

"ሐሙስ።"

"የራስሽን መቀስ ይዘሽ ሂጂ። የሰው መቀስ እጅ ያስራል። እኔን መጀመሪያ ቀን ጉድ ሠርቶኛል።"

ይዤ እሄዳለሁ አልኳት።