የዓብዱ ተራ

ቦሌ፣ ጥር 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ጂቡቲ ላለሽው እህት ዓለሜ ፈዲላ፤ አሰላሙ አለይኩም። አላህ ከነልጆችሽ በጤና ያቆይልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ልጆቼ በቤት ሥራ ሲጨቃጨቁ ሰልችቶኝ ውል አዋዋልኳቸው። ዘይነብ ዕቃ ታጥባለች፤ ታላቅ ወንድሟ ዓብዱ ደግሞ የቀበሌው ሱቅ ይሰለፋል። እጅ ለእጅ ተማትተው ተስማሙ፤ ቤቱም ሰላም አገኘ።

ባለፈው ሳምንት በሱቁ በኩል ሳልፍ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር አየሁት። ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ በሰልፉ መሃል ይዞራል። የጎረቤቴን የትበርህን ልጅ ትከሻ እንደ ገበያ በግ ዳሰሰና፣ “ይሄስ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል” አለ። ወደ እኔ ዞሮ ምራቁን እግሬ ሥር እንትፍ አለና፣ “ያንቺ ጎረምሳስ ስንት ዓመቱ ነው?” አለኝ። “ገና ልጅ ነው” አልኩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ የምሰለፈው እኔ ነኝ። ዓብዱ ደጅ አይወጣም።

ዘይነብ ግን ዕቃውን አስቀምጣ፣ “ውል ውል ነው ብለሽ የለም እንዴ? እሱ ተጎልቶ እየዋለ እኔ ለምን አጥባለሁ?” አለችኝ። በጥፊ መታኋት። እውነቷን እኮ ነው፤ እጄን ራሱ ተጸየፍኩት።

እህቴ፣ ሱቅሽ ውስጥ ሚዛን የሚይዝልሽ ልጅ አያስፈልግሽም? ዓብዱ ታዛዥ ነው፤ ደመወዝም አይጠይቅሽም። መልሱን ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ ሰው እጅ ላኪልኝ። ልብሱን አጥቤ፣ አስሬ አስቀምጬለታለሁ።

አላህ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትሽ መኪያ