ለቀበሌው የጻፍኩት ማመልከቻ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ደሴ

ልጄ ራህማ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የከርሞው ማትሪክ እንቅልፍ ነስቶኛል። ቀበሌው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አድርጎ ስለመደባት ከሰዓት በኋላ ሒሳብ የማስጠናበት ጊዜ ጠፋ። ዛሬ እንዲያሰናብቷት ማመልከቻ ጽፌ ሄድኩ። በመሠረተ ትምህርቱ ክፍል መስኮት ሳይ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ደርሼ ልምጣ ብላኝ የወጣችው ባለቤቴ ዘሃራ ሰሌዳው ፊት ቆማለች።

«እማዬ፣ ጠመኔውን አታጥብቂው፤ አያመልጥሽም!» ትላታለች ራህማ።

«ቀስ በይ አንቺ፣ ወላሂ አባትሽ ከሰማ አፍራለሁ።»

ማመልከቻውን ሳልሰጥ ተመለስኩ። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ሳስተምር፣ ዘሃራን አንድ ቀን ፊደል ላስቆጥርሽ አላልኳትም።

የራህማ ሒሳብ ግን ሦስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርቷል። ጥናቱን ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ላደርገው? ልጅቷስ መቼ ትተኛ?

ማመልከቻው ኪሴ ውስጥ ነው። አልቀደድኩትም።