ያልተጠራ ዋስ

ሐሙስ

ዛሬም ሳቁላት። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እኔ በወዲህኛው ክፍል ስለ ድርድር ደረጃዎች አስተምራለሁ፣ ከወዲያኛው ሳቅ ይመጣል። በዕረፍት ሰዓት አጮልቄ ባይ አዲሷ መምህርት ሒሩት ነጠላዋን እንደ ወንድ አጣፍታ፣ ዱላ ይዛ፣ እንቢተኛ ገበሬ ሆና ተቀምጣለች። የሕግ ተማሪዎቹ ተራ በተራ ሊያሳምኗት ይሞክራሉ። «ወግድ፣ ያንተን አንቀጽ በሬዬ አያነበውም» ትላለች።

የኔዎቹ ሠላሳ ገጽ ማስተማሪያ ይዘው ያዛጋሉ።

ይህን ኮርስ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየበጋው ተማሪ ይዤ ላሊበላ እየመጣሁ፣ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላችን እውነተኛ ባለጉዳይ ፊት እያስቀመጥኩ ያስተማርኩት እኔ። እሷ ከተቀጠረች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው። ማክሰኞ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መጥቶ ሁለታችንንም ያያል፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ኮርሱን ማን እንደሚይዘው ይወስናል።

«ጋሽ ሞላ» ትለኛለች። አርባ አራት ዓመቴ ነው።

ዓርብ

የዘንድሮው ጉዳይ የወይዘሮ ትበርህ ነው። የብልባላ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት። ከብቶቻቸው ወደ ምንጩ የሚወርዱት በባላቸው ወንድም በአቶ ካሴ ማሳ ዳር ነበር። አቶ ካሴ መንገዱን በእሾህ ዘጉት። አሁን ሴትዮዋ ለውሃ ግማሽ ቀን ይዞራሉ። ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ተማሪዎቹ ያስታርቋቸው ተባለ፤ አስተባባሪዋ ሒሩት ሆነች።

ዕቅዷን ይዛ መጣች። ሁለቴ አነበብኩት፣ ስህተት ፍለጋ። ጥሩ ነው። ያናደደኝም እሱ ነው። ማን ይናገራል፣ ማን ያዳምጣል፣ ምን አይነሳም፣ መጨረሻ ላይ የሚፈረም ወረቀት፣ ሁለት ምስክር።

«ጋሽ ሞላ፣ እርስዎ የዚሁ አገር ሰው ነዎት። የጎደለ ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

ነበር። በኛ አገር እርቅ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። ቃል የፈረሰበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው አፍራሹ ዋስ ደጅ ነው። ዋስ ካልቆመ የተነጋገሩት ሁሉ ከጨዋታ አያልፍም። ሐዋሳ ያደገች ልጅ ይህን ከየት ታውቃለች?

«ምንም አልጎደለውም» አልኳት።

አመሰገነችኝ።

ቅዳሜ

ብልባላ፣ አቶ ካሴ ግቢ። እንዲከሽፍ ተመኝቼ ነው የሄድኩት፤ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ።

አልከሸፈም። መዓዛ፣ የኔ ክፍል ተማሪ፣ እጇን አውጥታ የማታውቀው መዓዛ፣ ሕግ ምናምን ሳትል አቶ ካሴን «ከከብቶቹ ወንድምዎ ያሳደጉት የትኛዋን ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም «ቀይዋን» አሉ። ጥጃ ሳለች ከወንድማቸው ጋር ከጋሸና ድረስ በእግር ነድተው እንዳመጧት አወሩ። ከዚያ ወረቀቱን ፈርመው እሾሁን በገዛ እጃቸው አነሱት።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ብቻ።

ሁለቱን ክፍል ለእርቁ ስታለማምድ ይህን እንድትጠይቅ ያስተማረቻት ሒሩት ናት። በአንድ ወር። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

እሑድ

ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ሄጄ ነበር። ብዙ አልቆምኩም። ኃላፊው የእርቁን ፎቶ አይቶ ደወለ አሉ። የደወለው ለሷ ነው።

ሰኞ

ወይዘሮ ትበርህ ማዕከሉ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። አቶ ካሴ መንገዱን ትናንት መልሰው ዘግተውታል። እሳቸው ወደኛ ሲመጡ በዙሪያው የሚነዳቸው ጠፍቶ ከብቶቹ ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም። ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ «እናንተን ብዬ እኮ ነው» ብቻ አሉ።

«ፈርመው የለም እንዴ?» አለች ሒሩት። ፊቷ አመድ መሰለ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ፊት ነው። ሳየው ደስ አላለኝም።

ተያይዘን ሄድን። አቶ ካሴ አልሸሹም።

«ፈርሜያለሁ፣ አልካድሁም። ግና ዋስ ጥራ ያለኝ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ዋስህ ማነው ይለኛል፤ የለኝም ስል ይስቅብኛል። የልጆች ነገር መሰለኝ።»

የአጥቢያው ቄስ አምባዬ ለሽምግልና ተጠሩ። ነገሩን ሰምተው «እንግዲያ መቼ ታረቃችሁ? ተጫወታችሁ እንጂ» አሉና ዋስ አስጠሩ። ወይዘሮ ትበርህ ጎረቤታቸውን ጠሩ። አቶ ካሴ ዙሪያውን አይተው ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

«አባትህን አውቀዋለሁ፤ አንተ የደስታ ልጅ አይደለህ? አንተ ሁነኝ።»

ተነሥቼ «ዋስ ነኝ» አልኩ። እሾሁ ተነሣ፣ ከብቶቹ ወረዱ። ቀይዋ ላም ራሷን ከውሃው ቀና ሳታደርግ ብዙ ጠጣች።

በመኪና ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ሒሩት «ዓርብ ዕለት ጠይቄዎት ነበር» አለችኝ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ማክሰኞ

ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ። ኃላፊው ከኋላ ተቀምጧል። ሒሩት ሰሌዳው ላይ «ዋስ» ብላ ጻፈችና ጠመኔውን ሰጠችኝ። «ይህን ጋሽ ሞላ ያስተምሯችሁ» ብላ ተቀመጠች።

መደበቄን ለኃላፊው ብትነግረው ይሻለኝ ነበር።

ያለ ማስተማሪያ ወረቀት አስተማርኩ። ማንም አላዛጋም። ደህና እየሄድኩ ሳለ መዓዛ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ያውቁ ከነበረ ቅዳሜ ለምን አልነገሩንም?»

«ቀንቼ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ኃላፊው ሳይቀር ሳቀ። ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ተስቆልኝ አያውቅም። ያልሳቀችው ሒሩት ብቻ ናት። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር።

«እየቀለድኩ አይደለም» አልኩ። «መምህርት ሒሩት ጠየቀችኝ፤ አውቄ ዋሸኋት።»

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ኃላፊው ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ሒሩትን ለማየት ፈራሁ፤ በመጨረሻ አየኋት።

«ይቀጥሉ» አለችኝ።

ቀጠልኩ። ኃላፊው ኮርሱን ለማን እንደሚሰጥ ሳይናገር ሄደ። ለሷ ይመስለኛል። ያመኛል፤ አሁንም ያመኛል። ነገ ግን በጠዋት ብልባላ ወርጄ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማየት አለብኝ። ቢዘጋ ወይዘሮ ትበርህ የሚመጡት እኔ ደጅ ነው።